ቋጠሮ የመለሰችው መስታወት

መስታወቱ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ተሸክመውት ተሻገሩ። ቁመቱ የሰው ቁመት ያህላል፤ ጠርዙ ወርቅማ ቀለም ተቀብቷል፤ ከላይ በኩል ማዶ የተከፈተው የጸጉርና የቆዳ ሕክምና ማዕከል ስም በሰማያዊ ተጽፎበታል። ከስሙ ግርጌ ሁለት ትንንሽ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። በአንደኛው ግንባሯ የተራቆተ፣ ፊቷን ያጠቆረች ሴት አለች፤ በሌላኛው ያችው ሴት ጸጉሯ ጎፍሮ ትስቃለች። ተሸካሚዎቹን የሚመራው ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ነበር።

«እናቴ፣ ስጦታ ነው። ጎረቤት ከሆንን አይቀር ብለን ነው» አለ።

የሹሩባ ቤቱ ባለቤት ሚዶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው፤ ለየችው። ከሦስት ዓመት በፊት ጥጉ ላይ ባለው ጫማ ቤት ይሸጥ ነበር። አንድ ቁጥር የሚያንሳትን ጫማ «ችግር የለውም፣ ይለቃል» ብሎ አስታቅፏት፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሮ እስከዛሬ አልነጣም።

«አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?»

«ሐኪምስ አይደለሁም። አማካሪ ነኝ።»

«ምኑን ነው የምታማክረው?»

«ሰው የሚያምርበትን ነዋ!»

ጸጉራቸውን የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። የድሮው መስታወቷ ከጠርዙ በኩል ጠቋቁሮ የሰውን አገጭ እስከመቁረጥ ደርሶ ነበርና እምቢ የምትልበት አንጀት አላገኘችም። ተሰቀለ። ክፍሏ በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል መሰለች። ሰው ሲያፍርበት የኖረውን ነገር አግኝቶ ዋጋ መተመን ትልቅ ብልሃት ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ብልሃት ግን ሰው ከነጭራሹ ያላፈረበትን እንዲያፍርበት ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ከመስታወት የተሻለ ሠራተኛ የለም፤ ደሞዝ አይጠይቅም፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል።

ሰፈሩ ይህችን ሴት «ቋጠሮ» ይላታል። የእናት አባት ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሹሩባ መሥራት ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እጅ የተረከበችው ከእናቷ ነው፤ ቅጽሉንም ያገኘችው ከእጇ ነው። ሌላዋ የሠራችው ሹሩባ በሳምንቱ ጸጉሩ ይንጨባረራል፤ የቋጠሮ ግን ወር ሲደፍን ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። «የእሷን ሹሩባ ከምትፈቺ ትዳርሽን መፍታት ይቀልሻል» እያሉ ሴቶቹ ይቀልዳሉ። መስመር ስታወጣ በሚዶው ጫፍ የራስን ቆዳ እንደ እርሻ ትተልመዋለች፤ ከዚያ ከግንባር ዳር አንስታ፣ ከሥሩ ይዛ፣ ትስባለች። ቅንድብ ከፍ እስኪል ትስባለች። እንግዳ ሰው አይቶ «ይቺ ልጅ ምን አስደነገጣት?» ሊል ይችላል።

ልጆች ያለቅሱ ነበር። እናቶች ሁለቱን እጆቻቸውን ይይዙላታል፤ እሷም ጎንበስ ብላ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ለሁሉም አንድ ቃል ትላለች።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ እስከ ነገ ይለቃል።»

ሕመምን ውበት ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የታመመው እንዳልሆነ ግን እርግጥ ነው።

መስታወቱ ከተሰቀለ አራት ወር ሲሆነው፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ መምህሯ መጣች። መምህሯ በቋጠሮ እጅ ያደገች ልጅ ናት፤ በስድስት ዓመቷ እናቷ እየጎተተች አምጥታት፣ አሁን ሃያ ዘጠኝ ሞልቷት የሦስተኛ ክፍል ልጆች ታስተምራለች። ከገባች ጀምሮ ሻሿን አላወለቀችም። ሌላዋ ደንበኛ ተሠርታ እስክትወጣ ጥግ ይዛ መጽሔት ስታገላብጥ ቆየች።

«ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ ተከናነብሽ?» አለች ቋጠሮ።

«በሩን ዝጊው እስቲ፣ እትዬ።»

በሩ ተዘጋ። ሻሹ ወረደ።

«ሹሩባውን እንድትፈቺልኝ ነው የመጣሁት። ለሐሙስ ጸጉሬ ተፈቶ፣ ታጥቦ እንድመጣ ብለውኛል። ልተከል ነው።»

«ምን?»

«ጸጉር። እዚያ ማዶ። ከኋላዬ እየነቀሉ ፊት ለፊት ይተክሉልኛል።» ከዚያ ቶሎ ቶሎ ተናገረች፣ ሰው እንዳያቋርጠው እንደሚፈራ። «ባለፈው ወር ግቢው ውስጥ ሰልፍ ላይ ነፋስ ሻሼን ወሰደብኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ ይሳቁ፣ ልጆች ናቸው። አንዱ ግን በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ሣለኝ። እንቁላል ሥሎ፣ መነጽር አድርጎለት፣ ከሥሩ 'ቲቸር' ብሎ ጻፈ። አልቀጣሁትም። ጥሩ አድርጎ ነው የሣለው። ከዚያ እዚህ መጥቼ ስትሠሪኝ መስታወትሽ ላይ ያለችውን ሴትዮ አየሁ። እስክትጨርሺ ድረስ እሷን ነበር የማየው። አንቺ ባትሰቅዪው ማዶ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።»

ቋጠሮ ሚዶዋን አነሣች። ከኋላ ጀምራ ትፈታ ገባች። ሹሩባ ሲፈታ ጊዜ ይወስዳል፤ የእሷ ሲሆን ደግሞ ሁለት እጥፍ። ግንባሩ ዳር ስትደርስ ጣቶቿ ቀስ አሉ።

ከሁለቱ ጆሮዎች በላይ፣ ጸጉር መጀመር የነበረበት ቦታ፣ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቆዳ ነበር። ለእሷ አዲስ አልነበረም። ይህን ባዶነት ከመምህሯ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ ከመሐል ጸጉር ወደ ፊት እያመጣች ስትሸፍነው ኖራለች፤ በዚህም ትመሰገናለች። በሌሎችም ላይ እንዲሁ። የቋጠሮ እናት ራሳቸው በስተርጅና ግንባራቸው እስከ መሐል አናታቸው ደርሶ ነበር፤ «ዕድሜ ነው» ይሉ ነበር፣ ሁሉም ያምናቸው ነበር። እጅ የሚያውቀውን አፍ ሳያውቀው ስንት ዓመት ይኖራል!

ዛሬ ግን ሳትሸፍን አየች። ወደ መስኮቱ አዞረቻት፤ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። በባዶው ቆዳ ላይ ጣት የሚሰማው፣ ዓይን የማያየው፣ እንደ ጫጩት ላባ የቀጠነ ነገር ነበር። ቀይ ቀይ ያሉ ሽፍታዎችም ነበሩ፣ በመጨረሻው ሹሩባ በተጎተተው ሥር ላይ።

ይህን ላባ አንድ ጊዜ አይታው ታውቃለች። አንዲት ደንበኛዋ ወገቧ ተሰብሮ ስምንት ወር አልጋ ላይ ውላ ነበር። ጸጉሯን የሚሠራላት አልነበረም፤ ዝም ተብሎ ተተወ። ስትነሣ ግንባሯ ዳር ለምልሞ ነበር። ያኔ ቋጠሮ «መድኃኒቱ ነው» ብላ ለራሷ ነግራ አልፋዋለች።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» ስትል ጠየቀች።

«ሐኪሙን ገና አላገኘሁትም። ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚመጣው። አማካሪው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከለት።»

«በእጁ የነካሽ የለም?»

«ኧረ ማንም።»

«በስልክ?» ቋጠሮ ሚዶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «በግ እንኳ ሲገዛ ወገቡ ይዳበሳል! የሰው ራስ በስልክ ታይቶ ይቀደዳል እንዴ? ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ይሄ ጸጉር አልሞተም። ሥሩ አለ። ተዪው፣ ዓመት ተዪው፣ ሊመጣ ይችላል። ከኋላሽ የነቀሉት ግን ተመልሶ አይበቅልም።»

መምህሯ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ማስተማር የለመደች ናትና ጥያቄዋ ቀጥ ያለ ነበር።

«ካልሞተ ታዲያ ለምን ረገፈ?»

እዚህ ላይ ነው የቋጠሮ ሕይወት የቆመችው። መልሱ አፏ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ያህላል፤ እናቷ በውስጡ አሉ፣ ቤት ኪራይዋ በውስጡ አለ፣ ስሟ በውስጡ አለ።

«እንጃ» አለች። «ከውሃው ይሆናል።»

«ከውሃው ከሆነማ ነገም የምታጠበው በዚያው ውሃ ነው። ብተወውስ እንዴት ይመጣል?» አለችና መምህሯ ሻሿን አነሣች። «ባይሆን መተከሉ ይሻለኛል።»

ልክ ነበረች። በውሸት ላይ ቆሞ የሚያስብ ሰው ቀጥ አድርጎ ባሰበ ቁጥር ወደ ገደሉ ይቀርባል፤ ጥፋቱ ግን የአሳቢው አይደለም።

ረቡዕ ዕለት አንዲት ትንሽ ልጅ በቋጠሮ እጅ ሥር አለቀሰች። ቋጠሮ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች፤ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አለች፤ ቀሪው ቃል አልወጣ አለ። የጫማ ሻጩ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። «ይለቃል።» ያ ልጅ ጫማውን ሲሸጥላት ምን ያህል ረግማው ነበር! የእሷን ጥፍር አንድ ጊዜ ነው ያጠቆረው፤ እሷ ስንቱን ራስ ስንት ጊዜ! ልጅቱን ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ሳይሠራ፣ «አሞኛል» ብላ ለእናቷ መለሰቻት።

ሐሙስ ጠዋት መስታወቱን ከግድግዳው አወረደችው። ከጎኗ ያለውን ልብስ ሰፊ «አንዴ ያዝልኝ» አለችው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ባለቤቱ።»

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ በአንድ ጫፍ ያዘ፤ እሷ በሌላው። መንገድ ሲሻገሩ መኪኖች ቆሙላቸው፤ ሰማዩ፣ የሕንፃዎቹ ጣራ፣ የሾፌሮቹ ፊት በመስታወቱ ውስጥ ተገለባብጠው አለፉ።

የማዕከሉ እንግዳ መቀበያ ነጭ ነው፤ ወለሉ ነጭ፣ ሶፋው ነጭ፣ ብርሃኑ ነጭ። ከግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ድምፅ ሳያወጣ የተራቆቱ ራሶችን እያለበሰ ያሳያል። ስድስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዳቸውም ሌላውን አያዩም። መምህሯ ሰማያዊ ቀሚስ አልብሰዋት ከአንድ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ በሰማያዊ ቀለም መስመር ተሠምሮባታል፤ አዲሱ ጸጉር የሚጀምርበት።

«እናቴ!» አማካሪው ከጠረጴዛው ተነሣ። «ምነው ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም። መልሼልሃለሁ።» መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሰፊው ወጪ በሩ ጋ ቆመ፤ መውጣት አልፈለገም። «ሐኪሙን ጥራልኝ።»

«ቀጠሮ አለዎት?»

«አንተ ጫማ ስትሸጥልኝ ቀጠሮ ጠይቄህ ነበር? ጥራው ብያለሁ!»

ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ ራሱ ወጣ፤ የደከመው፣ ያልከፋ ፊት ያለው፣ ጎልማሳ ሰው ነው።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ይቺን ልጅ በእጅህ ንካት» አለች ቋጠሮ። «ሌላ ምንም አልልህም። ከመቅደድህ በፊት እዚህ ጋ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ ንካት።»

«እትዬ፣ አታዋርጂኝ» አለች መምህሯ በለሆሳስ።

ሐኪሙ አማካሪውን አየ፤ አማካሪው ስልኩን አየ። ከዚያ ሐኪሙ ከኪሱ ትንሽ አጉሊ መነጽር አውጥቶ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ቡቃያ አለው። አንዳንዱ ሥር በሕይወት አለ፤ በተለይ በግራ በኩል።»

«እና?»

«እናማ መጎተቱ ከቆመ በራሱ ሊመለስ ይችላል። ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሁሉም ላይመለስ ይችላል። ቀድሞ መታየት ነበረበት፣ ትክክል ነዎት።» ትከሻውን ሰበቀ። «ግን እሳቸው መርጠው መጥተዋል። ዛሬ ዓመት የሚጠብቅ ሰው አለ እንዴ?»

ይህ ነው እንግዲህ የተማረው ሰው መልስ! ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚሠራውን ነገር ስሙን ያውቀዋል። ይህኛው ግን እውነቱን አወቀ፣ ተናገረ፣ ከዚያም ጓንቱን አስተካከለ። የሰው ትዕግሥት ማጣት ለቢላዋው ፈቃድ ሆነለት።

«መጎተቱ?» አለች መምህሯ። «የምን መጎተት?»

ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት መላጣ ነበረች፣ ከዚያ አልነበረችም። አማካሪው ፈገግ አለ፤ ነገሩን ማለዘቡ ነበር።

«እንግዲህ እንተሳሰባ፣ እናቴ። እናንተ ትነቅላላችሁ፣ እኛ እንተክላለን። አንዳችን ለአንዳችን እንጀራ ነን፤ ምን ያጣላናል?»

ቋጠሮ ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ስድብ አላጣችም፤ ሰፈሩ ያውቃታል። ግን ልጁ የተናገረው እውነት ነበር፤ እውነትን ከማይገባው አፍ እንደመስማት የሚያቃጥል የለም። መስታወቱን ሲሰጣት ምን እንደሚሰጣት ያውቅ ኖሯል። የእሷን ሥራ ከእሷ ቀድሞ አይቶታል። ደንበኞቿን እሷ ራሷ በእጇ እያዘጋጀች፣ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዙራ ስታስቀምጥለት ኖራለች።

ወደ መምህሯ ዞረች።

«ከውሃው አይደለም፣ ልጄ። ዋሽቼሻለሁ። ከእጄ ነው።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያጠበቅኩት። ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ። ሲሳሳ አይቻለሁ፤ አይቼ ሸፍኜዋለሁ። ሸፍኜ ደግሞ አጠበቅኩት። አሁን እውነቱን አውቀሽ ከፈለግሽ ተተከዪ። በውሸቴ ግን አትቀደጂ።»

በዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ፣ ሦስት ነበሩ፣ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ላኩ።

መምህሯ ተነሣች። ግድግዳው ላይ በተደገፈው መስታወት ውስጥ ራሷን ከነሰማያዊ መስመሯ አየች።

«አልቅሼ ነበር» አለች። «ትዝ ይለኛል። 'አመመኝ' አልኩሽ። 'ይለቃል' አልሽኝ። ማታ ትራስ ላይ ራሴን ማሳረፍ አቅቶኝ በአፍጢሜ ተኛሁ። ለእናቴ ስነግራት 'እትዬ ይለቃል አላለችም?' አለችኝ።»

«ብያለሁ።»

«አምኜሽ ነበር እኮ!»

ሐኪሙ «ሌላ ቀን ብንነጋገር...» ማለት ጀመረ። «አንተን ማን ጠየቀህ!» አለችው መምህሯ፤ ሦስተኛ ክፍልን ዝም የምታሰኝበት ድምፅ ነበር። ቀሚሱን ከልብሷ ላይ አውልቃ አማካሪው ጠረጴዛ ላይ ጣለችው፤ ሻሿን ጠቀለለች፤ መስመሩን ሳታጥብ ወጣች። በአጠገቧ ስታልፍ ቋጠሮን አላየቻትም።

ወሬ እግር አያሻውም። «ቋጠሮ ራሷ መላጣ አደርጋለሁ ብላ መሰከረች» ተባለ። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ቀረ። የቀሩት ግን ስላመማቸው አልቀሩም፤ ሹሩባዋ ስለላላ ነው የቀሩት። አጥብቃ መሥራት ትታ ነበር። አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን አምጥታ፣ ሥራውን በጣቷ ሞክራ፣ ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ ምኑ ሹሩባ ነው? ሳምንት አይቆይም! በደንብ ሳቢው እንጂ።»

«አልስብም።»

«አረጀሽ ማለት ነው።»

«አዎ። ዘግይቼ።»

እናትየዋ ልጇን ይዛ ታች ሰፈር ወዳለችው ሹሩባ ሠሪ ሄደች። እዚያ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ፣ የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት ተሰቅሏል። ማዕከሉ ንብረቱን አያባክንም። ስክሪኑም እንደበፊቱ ያለብሳል፤ ነጩ ሶፋም ይሞላል። አንዲት ሴት እውነት ስለተናገረች ገበያ አይዘጋም። ይህን የማያውቅ ካለ መናገር ይቀለዋል፤ ቋጠሮ ግን እያወቀች ተናግራ፣ እያወቀች በድሮው የጠቆረ መስታወቷ ፊት ተቀመጠች፤ እሱም እንደ ልማዱ አገጯን ቆረጠው።

ዘጠኝ ወር አለፈ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ባዶ ሳለ በሩን ሰው ጋረደው። መምህሯ ነበረች። ሰላም አላለችም።

«ብርሃን ወዳለበት ነዪ» አለች።

ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ሻሿን አወረደች። በግራ በኩል ከጆሮዋ በላይ ያለው ቦታ ሞልቷል፤ አጭር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ጸጉር ነው። በቀኝ በኩል ዳር ዳሩ መጥቶ መሐሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ እንደ ሸክላ ሳህን ልሙጥ ሆኖ ቀርቷል።

«ይሄኛው መጣ» አለች። «ይሄኛው አልመጣም።»

«ልንካው?»

«ንኪው።»

ቋጠሮ ዳበሰችው። ላባ የለም። አንዴ ደግማ ዳበሰች።

«ይመጣል?»

ድሮ ቢሆን መልሱ የተዘጋጀ ነበር።

«አላውቅም፣ ልጄ። የሚመጣ አይመስለኝም።»

መምህሯ ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችው መልስ እንደሆነ ያስታውቃል። ገብታ ከድሮው መስታወት ፊት ተቀመጠች።

«ይቅር አላልኩሽም፤ እንዳይመስልሽ።»

«አትበዪኝ።»

«አበጥሪኝ ብቻ። እንዳትቋጥሪው።»

ቋጠሮ ሚዶውን አነሣች። ከጫፉ ጀምራ፣ ጥቂት ጥቂት እየያዘች፣ ወደ ሥሩ ወጣች። ማጅራቷ ጋ ስትደርስ ሚዶው ተጠላልፎ ያዘ።

«አመመኝ» አለች መምህሯ።

ቋጠሮ እጇን አቆመች።